ኔትወርክ የጠፋ ዕለት

ነገሌ ቦረና ውስጥ "የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ" ካላችሁ፣ ከጄኔሬተር እስከ ቴሌቪዥን ሪሞት ያለው ሁሉ የእናንተ ነው። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። የምሠራው በድርቅ ጊዜ ለገጠር ቀበሌዎች ውሃ በቦቴ በሚያመላልስ አንድ የእርዳታ ድርጅት ቅርንጫፍ ነበር። ፕሪንተሩ ወረቀት ከጎረሰ "ዮናስ!" ነው፤ የሥራ አስኪያጁ ስልክ ፎቶ አልልክም ካለ "ዮናስ!" ነው። ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ፣ ከሰው ይልቅ ከስክሪን ጋር መነጋገር የሚቀለኝ ሰው ነበርኩ። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ በዚያ ቀን ለምን ዝም እንዳልኩ እንዲገባችሁ ነው።

በዚያ ሰሞን አባቴ ሐዋሳ ሐኪም ቤት ተኝቶ ነበር። አገሩ ቦሬ ነው፤ ዕድሜውን በሙሉ እዚያው ወፍጮ ቤት ሲያስተዳድር ኖሮ ጆሮው ደንቁሯል። ጉበቱ ነው አሉ። እናቴ አጠገቡ ሆና ስደውል ስልኩን ጆሮው ላይ ትለጥፍለታለች፤ እሱም ልክ ሞተሩ አጠገቡ እንደሚጮህ ሁሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ "መቼ ነው የምትመጣው?" ይለኛል።

"ሥራው ሲያልቅ፣ አባባ።"

"እንዴት ያለ ሥራ ነው የማያልቀው?"

ሥራው እንዲህ ያለ ነበር። ሊበን ወረዳ ውስጥ የአንድ ቀበሌ የውሃ ሞተር ሲቆም ወይም ኩሬ ሲደርቅ፣ ሰው በእግሩ ተጉዞ አለዚያም ጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥሎ ነገሌ ድረስ መጥቶ ይናገር ነበር። እሱ ደርሶ ቦቴው እስኪሄድ ከብቱ ያልቃል። ስለዚህ ከየቀበሌው በስልክ የተነገረው የሚመዘገብበት፣ የትኛው ቦቴ የት እንዳለ በካርታ የሚታይበት ገጽ ሠራሁ። ቢሮ ውስጥ ማንም ሰው ኮምፒውተሩ ላይ ከፍቶ የሚያየው ማለት ነው። ሐሙስ ዕለት ከያቤሎ እንግዶች መጥተው ይመርቁታል ተባለ። ረቡዕ ደግሞ መጋዘኑ ጥግ ባስቀመጥነው ሰርቨር ላይ ልጭነው ቀጠሮ ያዝን።

ሥራ አስኪያጃችን ኦቦ ጎዳና ጨዋ ሰው ነበሩ። "ዮኒ፣" አሉኝ ማክሰኞ ማታ፣ "ገጹ ሲከፈት በዓይኔ ካየሁ በነጋታው ማለዳ ወደ አባትህ ሂድ። ምረቃውን እኔ እወጣዋለሁ።"

በእኔና በአባቴ መካከል የቀረው እንግዲህ ያ ገጽ ብቻ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ቢሮ ስገባ የቢሮው ጸሐፊ አደ ሎኮ እንደ ወትሮዋ "አካም ቡልቴ፣ ዮኒ?" ብላ ተቀበለችኝ። በዕድሜ ታላቄ ናት፤ ስታዘኝም ስትመክረኝም እንደ ታላቅ እህት ነው። ሥራዬን ጀመርኩ። ረፋዱ ላይ ገጹን ሰርቨሩ ላይ ጭኜ ስሞክረው ወለል ብሎ ተከፈተ፤ ካርታው ወጣ፣ ቦቴዎቹ ታዩ። ኦቦ ጎዳና አልነበሩም፣ ቦቴ ሊያስጠግኑ ጋራዥ ሄደዋል። እስኪመጡ ብዬ ወጥቼ ሻይ ጠጣሁ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ደስ አላለኝምና እሱን ሻይ አስታውሰዋለሁ።

ስመለስ ኦቦ ጎዳና ከጋራዥ ተመልሰው፣ ከአደ ሎኮ ጋር በሩን ዘግተው ይነጋገራሉ። ጥቂት ቆይታ ወጣችና ስልኬን ጠየቀችኝ። "የእኔ ባትሪ ጨርሷል። ልጄ ከትምህርት ቤት መውጣቷን ልጠይቅበት።" ሰጠኋት። ከዚያ ኦቦ ጎዳናን ጠራኋቸውና ኮምፒውተሩ ፊት አስቀምጬ ገጹን ከፈትኩላቸው።

ነጭ ነበር። ጽሑፍ የለ፣ ካርታ የለ፣ ምንም የለ።

"ይኼ ነው?" አሉኝ።

"ጠዋት ይሠራ ነበር።"

"አሁንስ?"

ቀይ ቀይ የስህተት መልእክቶች የሚታዩበትን ክፍል ከፈትኩ። ይህን ፋይል ላገኘው አልቻልኩም፣ ያንንም ላገኘው አልቻልኩም ይላል። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። አንድ ሰው ፕሮግራም ሲጽፍ ሁሉንም ከባዶ አይጽፍም። ካርታውን የሚስለው፣ ሠንጠረዡን የሚደረድረው ሌሎች ሰዎች ቀድመው የጻፉት ፋይል ነው። እኛ ዲፔንደንሲ እንላቸዋለን፤ ገጹ የሚቆመው በእነሱ ተደግፎ ነው። እኔ እነዚህን ፋይሎች እኛው ሰርቨር ላይ አላስቀመጥኳቸውም። ገጹ በተከፈተ ቁጥር ባሕር ማዶ ካለ ሰርቨር በኢንተርኔት እንዲያመጣቸው ነበር ያደረግኩት። ብዙው ሰው እንደዚያ ያደርጋል፤ ያስተማሩንም እንደዚያ ነው። ኢንተርኔቱ ሲቋረጥ ግን የሚመጣ ነገር የለም፤ የሚቀረው ነጩ ብቻ ነው።

"ኔትወርክ የለም መሰለኝ፣" አልኳቸው።

ኦቦ ጎዳና ስክሪኑን እንጂ እኔን አላዩም። "አዎ። ከተማው ውስጥ በሙሉ ጠፍቷል አሉ።"

አመንኳቸው። በዚያ ሰሞን ኔትወርክ መጥፋቱ ወሬ የሚሆን ነገር አልነበረም። ተዉት፣ ሲመለስ ይከፈታል ማለት እችል ነበር፤ ግን መቼ እንደሚመለስ ማን ያውቃል? ገጹ ሳይከፈት እኔ አልሄድም፤ እንግዶቹ ደግሞ ነገ ይመጣሉ። ስለዚህ አንድ ምርጫ ብቻ ቀረኝ፤ ፋይሎቹን ፈልጎ አግኝቶ እዚሁ እኛው ሰርቨር ላይ ማስቀመጥ፣ ገጹንም ወደ ውጭ እንዳያይ ማድረግ።

አሮጌው ላፕቶፔ ውስጥ የመመረቂያ ሥራዬ ነበረ። እሱን ስበረብር ከሚያስፈልጉኝ ፋይሎች አብዛኞቹን አገኘሁ። አንድ በአንድ ገለበጥኳቸው። ገጹን ስከፍተው እንደገና ነጭ። አሁን ስህተቱ ሌላ ነበር፤ ፋይሎቹ አሉ፣ ተራቸውን ግን አልጠበቁም። አንዱ በሌላው ላይ ስለሚደገፍ መሠረቱ ሳይጫን ተደጋፊው ቀድሞ ከተጫነ ሁለቱም አይሠሩም። አደ ሎኮ ከኋላዬ ወንበር ስባ ተቀምጣ ነበር። እንዲህ አድርጋ አታውቅም። ዝም ብላ ከምትቀመጥ ብዬ የምሠራውን አስረዳኋት።

"እንደ ኤላ ነዋ፣" አለች፤ የቦረናን የውሃ ጉድጓድ ማለቷ ነው። "ኤላ ላይ ማን ቀድሞ ከብቱን እንደሚያጠጣ የሚወስን አባ ሄሬጋ አለ። ተራ ያልጠበቀ ከብት ገንዳውን ይሰብራል።"

"ታዲያ ዛሬ አባ ሄሬጋው እኔ ነኝ፣" አልኳት እንድትስቅ። አልሳቀችም። አደ ሎኮ በትንሹም በትልቁም የምትስቅ ሴት ናት።

"ስልኬስ?"

"ቻርጅ ላይ ሰካሁልህ። አሁን ሥራህን ሥራ፤ ኦብሲ።" ታገሥ ማለቷ ነው። ስልኬ ሻይ ልጠጣ ስወጣ ሙሉ ነበር።

ተራውን ካስተካከልኩ በኋላ አንድ ፋይል ብቻ ጎደለ። የወረዳው ካርታ ምስል ሰርቨሩ ላይ አለ፤ ምስሉን አንስቶ ገጹ ላይ የሚስለው ፋይል ግን ላፕቶፔ ውስጥ አልነበረም። ከመንገዱ ማዶ ፊልምና ሶፍትዌር በፍላሽ የሚሸጥ ፎቶ ኮፒ ቤት ነበር። ምናልባት እሱ ጋ ይኖር ይሆናል ብዬ ፍላሼን ይዤ ተነሣሁ።

አደ ሎኮም ተነሣች። "ወዴት?"

"ፎቶ ኮፒ ቤት።"

"ተቀመጥ፣ እኔ ላምጣልህ።"

"የፋይሉን ስም ታውቂዋለሽ?"

ነጠላዋን አደረገችና ተከተለችኝ። መንገዱን ስንሻገር ክንዴን ይዛ ነበር። ሰው ቢያየን ዓይኔ የታመመ ይመስለው ነበር።

ፎቶ ኮፒ ቤቱ ውስጥ ባለቤቱ ኮምፒውተሩ ላይ ኳስ ያያል፣ በቀጥታ። እኔም ለሰላምታ ያህል "ኔትወርክ መጣ እንዴ?" አልኩት።

"የት ሄዶ ነበር? ከጠዋት ጀምሮ እንደ ጉድ ነው የሚሠራው።"

የእኛ መሥመር ብቻ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። እውነቴን ነው፣ ሌላ ነገር አላሰብኩም። ሰውየው ወንበሩን ለቀቀልኝና ፋይሉን ፈልጌ ማውረድ ጀመርኩ። አደ ሎኮ በትከሻዬ ላይ ጎንበስ ብላ ስክሪኑን ትጠብቃለች። ፋይሉ ፍላሼ ላይ እንደ ወረደ እጄን ያዘችው።

"በቃ ና። ሌላ ነገር አትክፈት።"

"ሌላ ምን እከፍታለሁ?"

"ጊዜ የለንም ማለቴ ነው።"

ቢሮ ስንመለስ ቀጥታ ወደ መደርደሪያው ሄድኩ፤ ራውተሩ ከኋላው ስለሆነ መሥመሩን ላየው ነበር። ከግድግዳው ወደ ራውተሩ የሚገባው ገመድ ተነቅሏል። መነቀል ብቻ አይደለም፤ ተጠቅልሎ በአደ ሎኮ የጸጉር ማስያዣ ታስሯል። ማስያዣውን አውቀዋለሁ፤ ወይን ጠጅ ነው፣ በየቀኑ አየዋለሁ። ገመዱን በእጄ እንደያዝኩ ቆምኩ። ኔትወርክ ራሱ ሲጠፋ ገመድ አይጠቀልልም።

ከዚያ ሁሉም ነገር በራሱ መጣ። የተዘጋው በር፣ ስልኬ፣ ከኋላዬ የተጎተተው ወንበር፣ መንገድ ላይ የተያዘው ክንዴ። የአክስቴ ልጆች ፌስቡክ ላይ ምን እንደሚለጥፉ አውቃለሁ፤ ሰው ከሞተ ሬሳው ከሐኪም ቤት ሳይወጣ ፎቶው ከነሻማው ይወጣል። መርዶ ግን እንደዚያ አይነገርም። መርዶ ማለዳ፣ ሰውየው ቤቱ ሳለ፣ ወገን ተሰብስቦ ነው የሚነገረው። እስከዚያ ድረስ ሰውየው እንዳያውቅ መጠበቅ የወዳጅ ግዴታ ነው። እኔም በልጅነቴ ጎረቤት ቤት እንዳልናገር ተመክሬ ዝም ብዬ አውቃለሁ።

ዞር ስል አደ ሎኮ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። ገመዱን እንዳየሁት አየች። ፊቷ ተለወጠ። አንድ ቃል ብጠይቃት ትነግረኝ ነበር፤ አፏ ተከፍቶ ነበር።

አልጠየቅኳትም። ሰዎች እስከ ዛሬ ለምን ይሉኛል። ካልጠየቅኩ ማንም አልነገረኝም፤ ማንም ካልነገረኝ አባቴ ሐዋሳ ተኝቶ ይጠብቀኛል። ውስጤ እንደ ደነዘዘ እጅ ነበር፤ የእኔ መሆኑን አውቃለሁ፣ አይሰማኝም። ገመዱን እንደ ታሰረ ቦታው መለስኩት።

ተቀመጥኩና ፋይሉን ከፍላሹ ወደ ሰርቨሩ ገለበጥኩ። በተራው አስገባሁት። ገጹን ከፈትኩ። ካርታው ወጣ፣ ቦቴዎቹ ታዩ፤ ያለ ምንም ኢንተርኔት። በሥራ ዘመኔ ሁሉ እንደዚያ ቀን ጥርት ብሎ የሠራልኝ ነገር የለም። ኦቦ ጎዳናን ጠራኋቸው።

"ተከፈተ፣" አልኳቸው።

"እሰይ፣ እሰይ።" አሉ። "ነገ ማለዳ እንሄዳለን።"

"እንሄዳለን?"

"በእኛ መኪና። እኔም እመጣለሁ።"

"ምረቃውስ?"

"ይቆያል።"

ለዚያ ምረቃ ግድግዳ ሲቀባ የሰነበተ ቢሮ ነው። ከዚያ በኋላ የሚጠረጠር ነገር አልቀረም። "እሺ፣ ኦቦ ጎዳና፣" ብዬ ኮምፒውተሩን ዘጋሁ።

የሚገርማችሁ፣ ያን ሌሊት ተኛሁ። ማለዳ በሬ ሲንኳኳ ልብሴን ለብሼ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ነበር። ኦቦ ጎዳና፣ አደ ሎኮና ባለቤቷ፣ ሁለት ሦስት ጎረቤቶች ቆመዋል። ኦቦ ጎዳና ወደ ፊት ወጡ። "ዮኒ፣ እንግዲህ የሰው ልጅ..." ብለው ጀመሩ።

"አውቃለሁ፣" አልኳቸው።

አደ ሎኮ እሪ አለች። ደረቷን ስትመታ እጇን የያዝኩት እኔ ነኝ። "ዋቅኒ ሲ ሃ ጀቤሱ፣" ትለኛለች እያለቀሰች፣ አምላክ ያበርታህ፤ እኔም "አሜን፣ አይዞሽ" እላታለሁ። ጎረቤቶቹ ይህ ልጅ ምን ነካው እንደሚሉ ይታወቀኝ ነበር። እንባ ሳይሆን ጫማዬን ነበር የምፈልገው።

መንገድ ላይ የተረዳሁት ይህ ነው። አባቴ ያረፈው ረቡዕ በጠዋቱ ነበር። ሬሳው ያን ቀን ወደ ቦሬ ተወሰደ፤ ቀብሩም ለሐሙስ እኩለ ቀን ተቀጠረ። አጎቴ ለኦቦ ጎዳና ደውሎ "ብቻውን ነው፣ መንገድ ላይ አንድ ነገር ይሆንብናል። ማለዳ ነግራችሁ ይዛችሁት ኑ፤ ለቀብሩ ይደርሳል" አለ። ስሌቱ ልክ ነበር። በደረቅ መንገድ እንደርስ ነበር። ክብረ መንግሥትን አልፈን ወደ ደጋው ስንወጣ ግን ሌሊቱን ዝናብ ጥሎ ኖሮ አንድ የጭነት መኪና ጭቃው ላይ ተጋድሞ መንገዱን ዘግቶታል። ሰዎች ሲቆፍሩ፣ ሲገፉ፣ ድንጋይ ሲያነጥፉ ቆየን። ኦቦ ጎዳና ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ሲገፉ ትዝ ይለኛል። እኔም እገፋ ነበር። ሰዓቴን አንድ ጊዜ አየሁና ሁለተኛ አላየሁትም።

ቦሬ ስንገባ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን እየወረደ ነበር። ጃንጥላው ታጥፏል፤ አካፋ የያዙ ሰዎች እጃቸውን ይታጠባሉ። አጎቴ ሮጦ መጥቶ አቀፈኝ። "ዝናቡ መጣብን፣ ልጄ። ቀሳውስቱም ቸኮሉ። ለአንተው ብለን እኮ ነው።"

"አውቃለሁ፣ ጋሼ።"

እናቴ ድንኳኑ ውስጥ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ድምፅ አልቀራትም። አጠገቧ ስቀመጥ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችና አየችኝ። በኋላ እንደ ነገረችኝ፣ ማክሰኞ ማታ አባቴ እየደጋገመ ሥራው ሲያልቅ ይመጣል ይላት ነበር።

"ሥራህ አለቀልህ?" አለችኝ።

"አለቀ፣ እማዬ።"

በመውቀስ አልነበረም፤ እውነት እንዲያልቅልኝ ፈልጋ ነው የጠየቀችኝ። ያኔም አላለቀስኩም። ያለቀስኩት ከወራት በኋላ ነገሌ ገበያ ውስጥ፣ ወፍጮ ቤት በር ላይ ሳልፍ ነው፤ ሰው እስኪያየኝ አለቀስኩ።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ወዲህ የምሠራው ሰርቨር የሚያስፈልገውን ሁሉ እዚያው አጠገቡ ይዞ ነው የሚነሣው። ከሩቅ የሚጠራው ፋይል የለውም። ሙያውን ለምትማሩም የምመክራችሁ ይህንን ነው፤ ጥቅሙን ለማወቅ እንደ እኔ መሆን የለባችሁም። ስለ ሌላው ነገር ግን ምክር የለኝም። ያን ቀን ክፉ ያደረገብኝ ሰው አልነበረም። አጎቴ ወዶኝ ነው፣ ኦቦ ጎዳና ወደውኝ ነው፣ አደ ሎኮ የጸጉሯን ማስያዣ የፈታችው ወዳኝ ነው። ረቡዕ ረፋዱ ላይ ቢነግሩኝ ኖሮ ማታውን አባቴ አጠገብ አድር ነበር፤ ፊቱን ገልጬ አይ ነበር። በፍቅር የተደረገ ነገር ላይ መናደድ አይቻልም። የማይቻል ስለሆነ ግን አይጠፋም፤ የሆነ ቦታ ይቀመጣል።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ ቀን ከምሳ በፊት አደ ሎኮ ስልክ አንስታ አመድ መስላ ወደ እኔ መጣች። የኦቦ ጎዳና እናት ሊበን ውስጥ ባለ ቀበሌያቸው አርፈዋል። ቤተሰቡ ሙስሊም ነው፤ ቀብሩ ከዚያው ቀን አያልፍም። "ታላቅ ወንድማቸው ማታ መጥቶ ቤታቸው ይነግራቸዋል ተብሏል፣" አለችኝ በሹክሹክታ። "የልብ ሕመም አለባቸው ብለው ፈርተዋል። ዮኒ፣ ኔትወርኩን አጥፋው።"

ተነሣሁ። መደርደሪያው ጋ አልሄድኩም፤ የኦቦ ጎዳናን በር አንኳኩቼ ገባሁ። መነጽራቸውን አድርገው ደብዳቤ ይፈርማሉ።

"ኦቦ ጎዳና፣ እናትዎ አርፈዋል። መኪናው ነዳጅ አለው፣ በር ላይ ነው። አሁን ከተነሡ ይደርሳሉ።"

መጀመሪያ የቀለድኩ መስሏቸው ፈገግ አሉ። ከዚያ ወንበሩ ከኋላቸው ወደቀ። "እንደዚህ ነው የሚነገረው?" ብለው ጮኹብኝ። "ሰው የለኝም? እንደ ውሻ ነው የሚነገረኝ?" ደረቴን ገፈተሩኝ። ቢሮው በሙሉ ወጥቶ ያያል፤ አደ ሎኮ ታለቅሳለች። እኔ ክንዳቸውን ይዤ እስከ መኪናው ወሰድኳቸው፤ እየሰደቡኝ ገቡ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ደርሰዋል።

ልክ ነበርኩ ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ አላውቅም። ወንድማቸው እስከ ዛሬ ሰላምታዬን አይቀበልም፤ በከተማው ውስጥ መርዶ እንደ አሉባልታ የሚናገር ሰው ተብዬ ስሜ ወጥቷል። ኦቦ ጎዳና ጡረታ ወጥተዋል። መንገድ ላይ ስንገናኝ "ናጋ" ይሉኛል፣ ሰላም ለማለት፤ እኔም "ናጋ" እላለሁ፣ ከዚያ ያለፈ ወሬ የለንም። እናታቸውን ግን በእጃቸው አፈር አልብሰዋል።